ሰቆጣ ላይ የሠራናት መርከብ

የኪነት ቡድናችን መሪ የአማርኛ መምህር ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ አዳራሽ ሰበሰበንና፣ «ዘንድሮ ደሴ ይዘነው የምንሄደው ቴአትር ታሪኩ መርከብ ላይ ነው» አለን። ከበሮ መቺያችን፣ «መምህር፣ ከተከዜ ሌላ ውሃ ያየ ሰው ከመካከላችን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መምህሩም አብሮን ሳቀና፣ «እኔም አላየሁም» አለ።

ዘመኑ የደርግ ነው። በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር። በዓመት አንዴ የየአውራጃው ቡድን ደሴ ላይ ተሰብስቦ ይወዳደራል። እኛ የዋግ ልጆች ከዚያ በፊት ሄደን፣ መጨረሻ ወጥተን፣ አንገታችንን ደፍተን ተመልሰናል። ዘፈናችን ጥሩ ነበር፤ ጭፈራችንም አይታማም። የምንወድቀው ቴአትሩ ላይ ነው። የሁሉም ቡድን ቴአትር አንድ ዓይነት ነበር። ባለርስቱ ጅራፍ ይዞ ይገባል፣ ጭሰኛው ይገረፋል፣ በመጨረሻ ጭሰኛው ይነሣና ቀይ ባንዲራ ያውለበልባል። የሌሎቹ ባለርስት ካባ ደርቦ ነው የሚመጣው፤ የእኛው ግን ከጤና ጣቢያ የተዋስነውን ብርድ ልብስ። መምህሩ ይህ ሁሉ ሰልችቶታል።

«ዳኞቹ ቀኑን ሙሉ ጅራፍ ሲያዩ ነው የሚውሉት። እኛ ያላዩትን እናሳያቸው» አለ።

ያሰበው ታሪክ ቀላል ነው። ሰውም መኪናም የሚያሻግር አንድ አሮጌ መርከብ አለ። ላይኛው ፎቅ ላይ ሀብታሞች፣ ታች ድሆች ተሳፍረዋል። ማዕበል ይነሣል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ገና አልጻፈውም ነበር። «መርከቡ ውስጥ ምኑ የት እንዳለ ሳላውቅ ሰዎቼን የት አስቀምጣቸዋለሁ? በየት ገብተው በየት ይወጣሉ?» እያለ ይጨነቅ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ገበያው ዳር ካለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ እውላለሁ። ቡድኑ ውስጥ ሥራዬ የተዋናዮቹን ልብስ መስፋትና መድረኩን ማዘጋጀት ነው። መናገር አይሆንልኝም። አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ዛሬም ቢሆን አማርኛ ስናገር የእናቴ ቤት ዜማ አብሮ ይወጣል። አንድ ጊዜ ሁለት መስመር ተሰጥቶኝ ልምምድ ላይ ስናገር ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ግን ከዚያ ወዲህ መርፌና ክሬን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ መዋልን መረጥኩ።

የምሰፋበት በረንዳ የአንዲት አሮጊት ሙስሊም ነጋዴ ቤት ነበር። ሐጂያ ነው የምንላቸው። ልጃቸው ከፊት በኩል አቡጀዲና ሳሙና ይሸጣል፤ እሳቸው ከጓሮ የጨው ንግዱን ይዘዋል። ከአፋር በኩል በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ እዚያ ጓሮ ውስጥ እንደ ግንብ ተደርድሮ ይታያል። ሐጂያ በጃንሆይ ጊዜ ከባለቤታቸው ጋር መካ ሄደው ተመልሰዋል። እስከ አሥመራ በጭነት መኪና፣ ከአሥመራ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ወዲያ በመርከብ። ይህንን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ግን ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው ስለ መካ ነው፤ ስለ መርከቡ የጠየቃቸው የለም።

ሰኞ ጠዋት መኪናዬን ዘርግቼ እንደተቀመጥኩ ሐጂያ ወጡ።

«ሐጂያ፣ መካ ሲሄዱ የተሳፈሩበት መርከብ ውስጡ እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«ለምን ፈለግሽው?»

ስለ ቴአትሩ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ ለአላህ ብዬ የሄድኩበትን መንገድ እናንተ ልትጨፍሩበት?» አሉና ወደ ጓሮ ገቡ። ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። እኔም ሁለተኛ ላላነሣባቸው ወሰንኩ።

በማግስቱ ግን ራሳቸው መጥተው ከጎኔ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«የሚሰግድ ሰው አምጥታችሁ ታስቁበታላችሁ?»

«ኧረ በፍጹም፣ ሐጂያ!»

«ሴቱን ከወንዱ ታደባልቁታላችሁ?»

«እርስዎ እንደነገሩን ነው የምናደርገው። እንደነበረው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያን መርከብ እኔም አልረሳሁት» አሉ በመጨረሻ። «ባለቤቴ አላህ ይማረውና እሱ ከሞተ ወዲህ አብሬው የማወጋው ሰው አጣሁ እንጂ። በይ አስተማሪውን ጥሪው።»

መምህሩ ትምህርት እንደለቀቀ እየሮጠ መጣ። ጓሮ ገባን። ሐጂያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና አሞሌውን አንድ በአንድ እያነሡ መሬት ላይ መደርደር ጀመሩ። መጀመሪያ ዙሪያውን በረዥሙ ከበቡት። ቀጥለው በአንዱ ጫፍ ክፍተት ተዉ።

«ይህ የኋላ በሯ ነው። እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ወደ መሬት ይወርዳል። ሰውም መኪናም የሚገባው በዚሁ ነው። ታች ያለው መኪና ብቻ ነው፤ እንዳይንሸራተት በሰንሰለት ታስሯል። እዚያ መቆም የለም። ጨለማ ነው፣ ናፍጣው ያፍናል። ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ቶሎ ወደ ላይ ይወጣል።»

ሁለት አሞሌ አነባብረው ደረጃ አደረጉ። «መውጫው የብረት መሰላል ነው፣ ጠባብ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ስትጨርሺው በር አለ፤ በሩ ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የብረት ደፍ አለው። ውሃ እንዳይገባ ነው አሉ። እኔ ምን አውቄ! አደናቀፈኝና በግንባሬ ተደፋሁ። ባለቤቴ፣ ‹ገና ሳንደርስ ሰገድሽ?› ብሎ ሳቀብኝ።»

ከደፉ ወዲያ ትልቁ ክፍል ነው። እዚህ ላይ አሞሌውን ጀርባ ለጀርባ በረድፍ በረድፍ አስቀመጡት፤ መሐል ለመሐል መተላለፊያ ተዉለት። «አግዳሚ ወንበሩ እንጨት ነው። እግሩ ወለሉ ላይ በብሎን ታስሯል፣ ወዲህም ወዲያም አትስቢውም። ከራስ በላይ መረብ ተዘርግቷል። መረቡ ውስጥ ብርቱካን የመሰለ ሰደርያ አለ፤ መርከቡ ቢሰምጥ እሱን የለበሰ ይንሳፈፋል ይላሉ። እኔ አውርጄ ትራስ አደረግሁት። መስኮቱን ጨው ጋግሮበታል፤ ባሕሩን ማየት የፈለገ በጥፍሩ ይፍቃል። ይህ ጥግ ሻይ የሚሸጥበት ነው፤ የባንኮኒው ጠርዝ ብርጭቆ እንዳይወድቅ ከፍ ብሎ ተሠርቷል። ከዚህ ወዲያ ደግሞ ሸራ ተጋርዷል። የሴቶች ነው።»

መምህሩ እያጎነበሰ ያያል፣ ይጠይቃል፣ እንደገና ይዞራል። ሐጂያ በመጨረሻ ጣውላ አመጡና ከአሞሌው በላይ ጋደም አድርገው፣ ላዩ ላይ አንድ ጣቃ ጨርቅ አነጠፉበት። «ይህ ላይኛው ፎቅ ነው። ብዙ የከፈለ እዚህ ይቀመጣል። ወንበሩ ስፖንጅ ነው፣ ወለሉ ምንጣፍ አለው፣ መስታወቱም ይጠረጋል።»

«ይኸው ነዋ!» አለ መምህሩ። «ሀብታም ላይ፣ ድሃ ታች።»

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ መች ጨረስኩ?» አሉ ሐጂያ። «ማዕበሉ የተነሣ ዕለት ነገሩ ይገለበጣል። ባሕር ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተሃል? ግንዱ እምብዛም አይነቃነቅም፤ መከራውን የሚያየው ጫፉ ነው። መርከብም እንደዚያ ነው። ላይ ያሉት አንጀታቸው ሊወጣ ደረሰ። እኛ ታች፣ መሐሉ ላይ የተቀመጥነው፣ እንደ ሕፃን እሹሩሩ ተባልን እንጂ ብዙም አልጎዳን። ኋላ እነዚያ ባለ ስፖንጆቹ ደረጃውን በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ወደ እኛ መጡ።»

«ከዚያስ?» የመምህሩ ድምፅ ተለወጠ።

«ከዚያማ ጠጋ አልንላቸው። አንዲት ወርቅ ያጠለቀች ሴት መጥታ ከፊቴ ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ ቋንቋዋን አላውቅ፣ እሷ ቋንቋዬን አታውቅ። ጠጋ ብዬ አስቀመጥኳትና ራሷን ጭኔ ላይ አሳረፍኳት። ጂዳ እስክንደርስ እንደዚያው ተኛች። ስንወርድ እጄን ስማኝ ሄደች።»

መምህሩ ያደረገውን ሳያውቀው አሞሌው ላይ ቁጭ አለ። ያጣውን የታሪኩን ማብቂያ አግኝቷል። ሐጂያ ግን፣ «ተነሣ አንተ! የሴቶቹ ክፍል ላይ ተቀመጥክ እኮ!» ብለው ጮኹበትና ሦስታችንም እስክናነባ ሳቅን።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር! መምህሩ ቴአትሩን ጽፎ አመጣ። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የትምህርት ቤት ዴስኮች አንድ ላይ አስረን ላይኛውን ፎቅ ሠራን። ከአንድ ሾፌር የጭነት መኪና ሸራ ተዋስን። እኔ ብርቱካንማ ፖፕሊን ፈልጌ ሰደርያውን ሰፋሁ፤ ውስጡን ጭድ ሞላሁት። ሐጂያ ከአሱር ሶላት በኋላ እየመጡ ያዩን ጀመር። መጀመሪያ በር ላይ ቆመው ነበር የሚያዩት፤ በኋላ ወንበር አስመጡ፤ ቀጥሎ በትራቸውን ይዘው መሐላችን ገቡ።

ማዕበሉን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እኛ ሰካራም መስለን ነበር የምንወዛወዘው። «እንደሱ አይደለም» አሉን። «ሁላችሁም በአንድ መርከብ ላይ ናችሁ፤ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የሚወድቀው ከየት አምጥቶ ነው? አንድ ላይ! ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ሆድ ነው፤ ራስ ኋላ ነው የሚከተለው።» በትራቸውን ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ እኛ እንከተላለን። ወደ ግራ ይመልሱታል፤ እንከተላለን። አንድ ቀን ከበሮ መቺያችን የእውነት አቅለሸለሸውና ውጭ ወጣ። ሐጂያ፣ «አሁን ገና መርከብ ሆነ» አሉ።

ወርቅ ያጠለቀችውን ሀብታም ሴት የምትጫወተው የጤና ጣቢያው ረዳት ነርስ ነበረች፤ አንገቷ መለል ያለ፣ አረማመዷ ብቻውን ሀብታም የሚያስመስላት ቆንጆ። ታች ተቀምጣ ቦታ የምትሰጣትን ሴት የሚጫወት ሰው ግን ጠፋ። አንድ ቀን መምህሩ ወደ እኔ መጣ።

«አንቺ ነሽ» አለኝ።

«እኔ አልናገርም። አነጋገሬን ታውቀዋለህ።»

«ያቺ ሴት ከየት ተነሥታ ነው የተሳፈረችው?»

«ከሰቆጣ።»

«የሰቆጣ ሰው እንዴት ነው የሚናገረው ታዲያ?»

ቃሌ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀበልኩት። የምናገረው እንዲህ የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፤ «ጠጋ በሉ፣ ሰው ታሟል።» ማታ ማታ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ደጋግሜ አልኳት። ዜማውን ላጠፋው ብሞክር እምቢ አለኝ። ተውኩት።

ወደ ደሴ ከመሄዳችን በፊት የአውራጃው ካድሬ አይቶ መፍቀድ ነበረበት። ወጣት ነው፣ ካኪ የሚለብስ፣ ሲናገር አንድ እጁን ኪሱ የሚከት። እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አየን። ስንጨርስ ተነሣና፣ «ጓዶች፣ ማብቂያው ልክ አይደለም» አለ። «ጭቁኑ ሕዝብ ለአድኃሪዎች ቦታ ይለቃል? ምን ዓይነት ትምህርት ነው ይህ? ወደ ባሕር ይወርወሩ!»

በዚያ ዘመን የካድሬ ቃል ቀላል አልነበረም። ከኋላ በኩል የተቀመጡት ሐጂያ ግን በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ልጄ፣ ባሕር ላይ ሄደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«እንግዲያውስ ና አንዴ ተሳፈር። ካየህ በኋላ ያልከውን ታደርጋለህ።»

እምቢ ማለት አልቻለም። መሐለኛው አግዳሚ ላይ፣ ከእኔ ጎን አስቀመጡት። ከዚያ በትራቸውን አነሡ። ማዕበሉ ጀመረ። ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ ቀኝ አዘነበልን፤ እሱ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ወደ ግራ ተመለስን፤ አሁንም ቀጥ ብሏል። እንደገና ወደ ቀኝ ስናዘነብል ግን ትከሻው አብሮን ሄደ። ከዚያ ወዲያ ከእኛ አንዱ ሆነ። ረዳት ነርሷ ከላይኛው ፎቅ በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወረደች፤ ተንገዳገደች፤ ከፊቱ ስትደርስ ልትወድቅ ዘመመች። ካድሬው አግዳሚው ላይ ጠጋ አለና በሁለት እጁ ደግፎ አስቀመጣት። እኔ ቃሌን ለመናገር እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ካድሬው እጆቹን አየ፣ ነርሷን አየ።

«ለምን አልወረወርካትም?» አሉት ሐጂያ።

መጀመሪያ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ አልቻለም፤ ራሱን ይዞ ሳቀ። «ይለፍ» አለ። «መጨረሻው ላይ ግን አንድ መፈክር ጨምሩ።» ጨመርን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ የበለጠ ወዳጅ አልነበረንም፤ ደሴ የሄድንበትን የጭነት መኪና ያስፈቀደልንም እሱ ነው።

ደሴ የደረስነው አቧራ ለብሰን፣ ዴስኩንና ሸራውን የጭነት መኪናው ላይ እንደታቀፍን ነበር። ወዲያው አዳራሹን ልናይ ገባን። መድረኩ ጠባብ ነው። ዴስኮቹን አነባብረን ፎቅ ብንሠራ ላይ የሚቆመው ሰው ራሱ ከመጋረጃው እንጨት ጋር ይጋጫል። አስተባባሪው ደግሞ፣ «አንዱ ቡድን ሲወርድ ሌላው ወዲያው ይወጣል፤ ዕቃ የምትገጣጥሙበት ጊዜ የለም» አለን። መምህሩ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ። ከበሮ መቺው፣ «ብርድ ልብሱንና ጅራፉን ይዘን ብንመጣ ይሻል ነበር» አለ።

እኔ መቀመጥ አልሆነልኝም። ወደ መድረኩ ወጣሁ፤ በጎኑ ባለው ጠባብ ደረጃ ወረድኩ፤ እንደገና ወጣሁ። ከላይ ሆኜ አዳራሹን አየሁት። ረዣዥም አግዳሚ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። መሐል ለመሐል መተላለፊያ አለ። ከኋላ ባለ ሁለት መዝጊያ ትልቅ በር፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያን ቀን ሰቆጣ ላይ ካድሬው ከጎኔ ተቀምጦ ሳያስበው ጠጋ ሲል ታየኝ።

«መምህር!» ብዬ ጮህኩ። «ዴስኩን ተወው። መርከቡ ይኸው!»

«የቱ?»

«ይህ አዳራሽ ነዋ! ያ በር የኋላ በሯ ነው፤ በዚያ እንገባለን። ይህ መድረክ ላይኛው ፎቅ ነው። ይህ ደረጃ ደረጃዋ ነው። ታች ያሉት ወንበሮች ደግሞ የታችኛው ክፍል ናቸው። ተመልካቹ ሁሉ ተሳፋሪ ነው። እኛ በመካከሉ እንቀመጣለን።»

መምህሩ ቀና ብሎ በሩን አየ፣ ደረጃውን አየ፣ ወንበሮቹን አየ። ከዚያ ተስፈንጥሮ መድረኩ ላይ ወጣና ግንባሬን ሳመኝ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ተራችን ደረሰ። ከእኛ በፊት የነበረው ቡድን ባለርስቱን ገርፎ፣ አሸንፎ፣ ተጨብጭቦለት ወረደ። መጋረጃው ተከፈተ፤ መድረኩ ላይ ከምንጣፍና ከጥቂት ወንበር በቀር ምንም የለም። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እኔ አስቀድሜ ገብቼ መሐለኛው ረድፍ ላይ፣ ከአንድ ወፈር ካሉ ሸበቶ ዳኛ አጠገብ ተቀምጫለሁ። የዘወትር ቀሚሴን ለብሼ፣ ጉልበቴ ላይ ጓዜን ይዤ። ሸበቶው ሰውዬ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ የዳኞች ቦታ መሰለኝ» አሉኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን እነሣለሁ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ከበስተኋላ ቀንድ ተነፋ። ትልቁ በር ተበረገደ። ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። የቡድናችን ልጆች ሻንጣና ዕቃ ተሸክመው፣ «ቶሎ ግቡ! ታች አትቁሙ! ናፍጣው ያፍናችኋል!» በሚል የመርከብ ሠራተኛ እየተነዱ በመሐለኛው መተላለፊያ ገቡ። ገሚሱ በየረድፉ ተመልካቹን እየገፋ ተቀመጠ። ሰደርያዎቹን ለተመልካች አደሉ። አንዲት ልጅ ሻይ በትሪ ይዛ ዞረች። ሀብታሞቹ ደረጃውን ወጥተው ምንጣፉ ላይ ተንሰራፉ። ሰዉ መሳቅ ጀመረ፤ የተሳፈረ መሆኑን አውቋል።

ማዕበሉ ተነሣ። በየረድፉ የተበተንነው የሰቆጣ ልጆች ቀስ ብለን ወደ ቀኝ አዘነበልን። ሆድ መጀመሪያ፣ ራስ ኋላ። ወደ ግራ። እንደገና ወደ ቀኝ። ከጎናችን ያለው ሰው እየተገፋ አብሮን ሄደ። ቆይቼ ዞር ብዬ ሳይ አዳራሹ በሙሉ፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ፣ እንደ ገብስ ማሳ ይወዛወዛል። መድረኩ ላይ ያሉት ሀብታሞች ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ አፋቸውን ይይዛሉ። ረዳት ነርሷ ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወረደች። ወርቋ ያብለጨልጫል፣ ፊቷ ላይ አመድ ቀብተናል። ወንበር ለወንበር እየተደገፈች መጥታ እኛ ረድፍ ጋ ቆመች።

ተነሣሁ። ወደ ሸበቶው ዳኛ ዞሬ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ ከነዜማው፣ «ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ፤ ሰው ታሟል!» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ሸበቶው ሰውዬ አፋቸው ተከፍቶ አዩኝ፤ ከዚያ ሰብሰብ ብለው ጠጋ አሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ዳኛም ጠጋ አለ፤ ከዚያም የሚቀጥለው፣ እስከ ጫፉ። ጫፍ ላይ የነበረው ሰው ቦታ አጥቶ ተነሣና ቆመ። ነርሷን አስቀመጥኳት፤ ራሷን ጭኔ ላይ አሳረፍኳት። ያን ጊዜ ሌሎቹ ሀብታሞች ከመድረክ እየተደነቃቀፉ ወረዱ። እኛ ምንም አላልንም። በየረድፉ ሕዝቡ ራሱ፣ «ና ወዲህ፣ እዚህ ቦታ አለ፣ ጠጋ በሉለት እንጂ!» እያለ ተቀበላቸው። አንዲት እናት ለአንዱ ሀብታም በነጠላቸው ጫፍ ላቡን ጠረጉለት። መፈክሩን ማን እንዳለው እንኳ አላስታውስም፤ በጭብጨባው ተውጦ ቀረ።

ውጤቱ ሲነገር ከታች ወደ ላይ ነበር የሚጠራው። መጨረሻ የወጣው ተጠራ፤ እኛ አይደለንም። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ሁለተኛው ሲጠራም እኛ አልነበርንም። መምህሩ እጄን ጨምድዶ ይዞታል። ሸበቶው ዳኛ ወረቀቱን ይዘው ተነሡና፣ «ዛሬ እኔ ዳኛ አልነበርኩም፣ ተሳፋሪ ነበርኩ» አሉ። «አንደኛ፣ ዋግ!»

ከበሮ መቺያችን ከበሮውን ጥሎ ሰው ላይ ተንጠለጠለ። መምህሩ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ መድረኩ ላይ ወጥቼ ዋንጫውን ስቀበል ሸበቶው ሰውዬ፣ «ከየት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። «ከሰቆጣ፣ አገው ነኝ» አልኳቸው። አንገቴን ቀና አድርጌ ይህን በብዙ ሰው ፊት ያልኩት ያን ቀን ነው።

ሰቆጣ ስንገባ ከተማው መንገድ ላይ ወጥቶ ጠበቀን። ሐጂያ ሱቃቸው ደጅ ላይ ቆመዋል። ዋንጫውን ለሳቸው ሰጠናቸው። አገላብጠው አዩትና፣ «ማሻ አላህ! ምን ይደረግበታል?» አሉ። ከዚያ የአሞሌ ስባሪ ከተቱበትና ለልጃቸው፣ «ባንኮኒው ላይ አስቀምጥ፣ የሚገባው ሁሉ ይየው» ብለው አዘዙ። አመሻሹን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስንጨፍር እሳቸውም ጥግ ላይ ሆነው በትራቸውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያወዛውዙ አየናቸው።

በዚያ ዓመት አምደወርቅ፣ ጋዝጊብላ፣ ጽጽቃ ድረስ በእግር እየሄድን ቴአትሩን አሳየን። ዕቃ አልተሸከምንም። ከፍ ያለ ቦታና ሰው ካለ መርከቡ አለ። ጽጽቃ ላይ ገበያተኛው ተዳፋቱ ላይ ተቀምጦ ሲያየን መምህሩ፣ «ቃልሽን በአገውኛ በዪው» አለኝ። አልኩት። ነጋዴው ከነማሩ፣ ገበሬው ከነፍየሉ ተነሥቶ ጠጋ አለ።

በሚቀጥለው ዓመት ደሴ ስንሄድ አዲስ የሠርግ ቴአትር ይዘን ነበር። ገብተን ተቀመጥን። የመጀመሪያው ቡድን ወጣ፤ መርከብ ይዟል። ሦስተኛውም መርከብ ይዟል፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ አውሮፕላን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከመርከቦቹ አንዱ እጅግ ያማረ ነበር፤ በቀለም የተቀባ፣ መስኮት ያለው። ማዕበሉ ተነሣ። ሀብታሞቹ ግን ላይኛው ፎቅ ላይ ንቅንቅ ሳይሉ ሲጋራ ያጨሳሉ። ከበሮ መቺያችን መታገሥ አቃተው። ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ፣ «ኧረ ውረዱ እንጂ!» ሲል ጮኸ። ያለፈው ዓመት ተመልካች ያን አዳራሽ ሞልቶት ነበርና፣ ከዳር እስከ ዳር፣ «ውረዱ! ውረዱ! ቦታ አለ!» ብሎ ተቀበለው።